የእንሰት ቃጫ ቦርሳ፦ ለጌጥም ለሥራም

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ስለ አሮን ቀሚስ የተጻፈውን ያነበበ ሰው በታችኛው ዘርፍ ዙሪያ ሁለት ነገር እንደ ነበረ ያስታውሳል። አንደኛው ከኅብረ ቀለም ፈትል የተሠራ የሮማን ፍሬ ሲሆን ሁለተኛው በሮማኖቹ መካከል የተንጠለጠለ የወርቅ ሻኩራ ነው። ሮማኑ ከአትክልት የተቀዳ ጌጥ ነው። ሻኩራው ደግሞ ከጌጥነቱ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ካህኑ ወደ መቅደስ ሲገባና ሲወጣ ድምፁ ይሰማ ነበር።

እናቶቻችንም ይህን ያውቁታል። መቀነት ወገብ ያሳምራል፤ ገንዘብ ይቋጠርበታል፤ ሸክም ሲከብድም ወገብን ይደግፋል። በልማት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ግን አንዳንድ ጊዜ ይህን ዘንግተን ለዓይን ብቻ የሚሆን ዕቃ እናሠራለን። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ነው። ሴቶች ተክሉ ሲደርስ ጥለው፣ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ የተጠቀለለውን ግንድ ንጣፍ በንጣፍ ለይተው፣ በሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቁታል። ለቆጮ የሚሆነው ወደ ታች ሲወርድ ቃጫው በእጃቸው ይቀራል። በእንሰት አገር በሚገኝ አንድ የሴቶች ማኅበር ከዚህ ቃጫ የትከሻ ቦርሳ እንዲሠራ አሰብን፤ ንድፉንም በእንሰት ቅጠል አምሳል የሳልሁት እኔ ነኝ። ቦርሳው ሲታይ ያምር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ምእመናን ለእርዳታ ብለው ገዙልን፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሁለተኛ አልጠየቀም። ቃጫው ነጠላ ይመዛል፣ ጠባቡ ማንገቻ ትከሻ ይቆርጣል፣ በክረምትም እርጥበት ይዞ ይሻግታል። አንዲት አሮጊት እናት አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይኼ እጅ ይይዛል እንጂ እጅ አያግዝም» አሉኝ። ከግማሽ የሚበልጠው ቦርሳ በመጋዘን ቀረ፤ የሴቶቹም ድካም እንዲሁ።

እንደገና ስንጀምር የተክሉን መልክ ትተን አሠራሩን ተመለከትን። የእንሰት ቅጠል በአንድ ሥራ ብቻ አይወሰንም፤ የቆጮ ጉድጓድ ይለበጥበታል፣ ቂጣ ተጠቅልሎበት ይጋገራል፣ ዝናብ ሲመጣም ጃንጥላ ይሆናል። ስለዚህ ቦርሳው እንደ ሰሌን ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲሠራ፣ በሦስት ታጥፎ ጎንና ጎኑ በገመድ እንዲታሰር አደረግን። ገመዱ ሲፈታ በስብሰባና በገበያ መቀመጫ ይሆናል። ማንገቻው የመቀነት ስፋት ያለው የጥጥ ሽመና ስለሆነ ተነጥሎ ወገብ ላይ ይታሰራል። በውስጡ ጨርቅ ለበጥን። አፉም እንደ ግንዱ ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይዘጋል። ዚፕ አልጨመርንም፤ ዚፕ ሲበላሽ ቦርሳው ይጣላል፣ ገመድ ሲበጠስ ግን ባለቤቷ ራሷ ትቀጥለዋለች።

በቁልፉ ጉዳይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ እኅቶች ከፍሬ የተሠራ ቁልፍና የአንገት ጌጥ ቢጨመር ብለው የጉሎ ፍሬ አመጡ። ዥጉርጉርነቱ በእውነት ያምራል፤ ዳሩ ግን ብርቱ መርዝ አለበት። ቀይ ሆኖ ጫፉ የጠቆረው ትንሽ የሐረግ ፍሬም እንዲሁ መርዛም ነው። ለክር ሲበሳ ቆዳው ስለሚከፈት አደጋው ይብሳል። በእናቱ እቅፍ ያለ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። እኛ ከቅል ስባሪ ሞርደን ሠራን፤ አያስከፋም።

ከሁሉ የሚከብደው የተክሉ ነገር ነው። እንሰት እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በጓሮ የቆመው ተክል የቤተ ሰቡ ጎተራ ነው። የቃጫ ዋጋ ከምግቡ ዋጋ ከበለጠ፣ ችግር የያዘው ሰው ያልደረሰውን ይጥላል፤ ለረሃብ ቀን የተቀመጠውም በቦርሳ ምክንያት ያልቃል። ስለዚህ ማኅበሩ ለምግብ ከተፋቀ እንሰት የተገኘውን ቃጫ ብቻ ይቀበላል፤ ከአንድ ቤት የሚወስደውንም ይወስናል። ትእዛዝ ሲበዛ ገዢው ይጠብቃል እንጂ ተክሉ አይቸኩልም። በየፕሮጀክቱ ያላችሁ ሠራተኞችም ቃጫ የሚሰበስብ ቡድን ቢላዋ ይዞ ከጓሮ ጓሮ እንዳይዞር ተጠንቀቁ፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ በስለት ይተላለፋልና። የግድ ከሆነ በየጓሮው ስለቱን በእሳት ይለብልቡት።

ቀለምን በሚመለከት ገና እየሞከርን ነን። እርድ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ቶሎ ይደበዝዛል። እስከዚያው ቃጫውን በተፈጥሮ መልኩ እንሸጣለን።

በመጋዘን የቀሩትን የቀድሞ ቦርሳዎች ሴቶቹ ፈትተው ቃጫውን እንደገና ገመዱት። አሁን በየቤታቸው ጥጃ ይታሰርበታል።