ጓያ ለብቻው

ክረምቱ ሲወጣ፣ ውኃ ተኝቶበት የከረመው ዋልካ መሬት ጭቃው ሳይደርቅ ጓያ ይዘራበታል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ጠብ ባይልም አፈሩ ውስጥ የቀረችው እርጥበት ትበቃዋለች። ባቄላው ሲጠወልግ፣ ጤፉ ሲቃጠል ጓያ አይበገርም። ከፍሬው ክብደት ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ፕሮቲን ነው። ይኸው ለጋስ እህል ግን ሰው ይሰብራል። ለወራት እሱን ሲመገብ የከረመ ወጣት አንድ ቀን እግሩ ተገትሮ አልታዘዝ ይለዋል። አእምሮው እንደነበረ ነው፤ ሲነኩትም ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ አንዱ በአንድ ዱላ፣ ሌላው በሁለት ይሄዳል፤ የባሰበት ይድሃል። አንዴ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 በጎንደር ደምቢያና ፎገራ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በወሎ ደላንታና ዳውንት በሽታው በወረርሽኝ መልክ ብዙዎችን አሽመድምዷል።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ጓያ በዋጋው ርካሽ ስለሆነ በየዓመቱ በሽሮ ተቀላቅሎ፣ በክክ ተሠርቶ ይበላል፤ አብዛኛው ተመጋቢም አንዳች አይሆንም። ታዲያ ያው ፍሬ በደህናው ዘመን ምግብ፣ በክፉ ቀን ጠንቅ የሚሆነው ለምንድን ነው? ባላገሩ ምክንያቱን ሲፈልግ የሚቀቀለውን ጓያ እንፋሎት ወይም ገለባውን ይጠረጥራል። ሳይንስ ጣቱን የሚቀስረው ኦዳፕ በተባለ፣ በፍሬው ውስጥ በሚገኝ ንጥረ ነገር ላይ ነው። ኦዳፕ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት ከሚለዋወጡበት ግሉታሜት ጋር ስለሚመሳሰል፣ እግርን የሚያዙትን ነርቮች ያለ ዕረፍት እየቀሰቀሰ ይገድላቸዋል። ይህ እውነት ቢሆንም ግማሽ መልስ ነው፤ መርዙ በደህናው ዓመትም በወጡ ውስጥ አለና።

ሌላው ግማሽ ያለው በራሱ በፕሮቲኑ ውስጥ ነው። ሰውነታችን ፕሮቲንን እንዳለ አይጠቀምበትም፤ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ክፍሎች በታትኖ የራሱን ይገነባል። ከእነዚህ ዘጠኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ ያገኛቸዋል። ጥራጥሬ በላይሲን የበለጸገ ሲሆን ሰልፈር ያለበት ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ደግሞ በላይሲን ከጥራጥሬ ያነሱ፣ በሜታዮኒን የተሻሉ ናቸው። እንጀራና ሽሮ አንድ ገበታ ላይ ሲቀርቡ የአንዱን ጎዶሎ ሌላው ይሞላል። ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች ሥጋ ከመገንባት ባለፈ ሌላ ሥራም አላቸው፤ ሕዋስን ከጉዳት የሚከላከለው ግሉታታዮን የሚሠራው ከእነሱ ነው። እንግዲህ ጓያ ብቻ የሚበላ ሰው በአንድ አፍ ሁለት ጉዳት ይጎርሳል፤ ነርቭ የሚያጠቃው ይገባለታል፣ ነርቭ የሚጠብቀው ይቀርበታል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በደላንታና ዳውንቱ ወረርሽኝ ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ነበር። ጓያን በእሸቱና በንፍሮ የበሉት ለሽባነት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ሲገኙ፣ ከእህል ጋር ቀላቅለው ወይም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከመሳሰሉት ጋር በወጥ መልክ የበሉት አደጋው ቀንሶላቸዋል። የሌላ አገር ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ስፔናዊው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ በጓያ የሰለለች ሴት በሥዕሉ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1811 እና 1812 ማድሪድን በመታው ረሃብ ጊዜ ነበር። በሽታው ረሃብን ተከትሎ ይመጣል፤ ጥጋብን ተከትሎ ሲመጣ አልታየም።

«እንግዲያው ጓያን ለምን አንከለክልም?» የሚል ይኖራል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ብትከለክልም ገበሬው መዝራቱን አልተወም፤ ሌላው ሰብል ሁሉ ሲከዳ የሚቀረውን አንድ እህል በአዋጅ መንጠቅ ረሃብን ያባብስ እንደሆነ እንጂ አያስታግስም። ሁለተኛው ሐሳብ የተሻለ ነው፤ ኦዳፕ ያነሰበት ዘር ማውጣት። ተመራማሪዎች በዚህ ብዙ ደክመዋል፣ ሥራውም ሊቀጥል ይገባል። ነገር ግን የኦዳፕ መጠን የሚወሰነው በዘሩ ብቻ ሳይሆን በአፈሩና በአየሩም ነው፤ ድርቅ ሲጠና ይጨምራል፤ ንብም የጎረቤቱን ማሳ አበባ ዱቄት ይዛ ትመጣለች። መርዙ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ የሜታዮኒኑ ጉድለት እንዳለ ይቆያል። ሦስተኛው፣ ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት፣ በእርግጥ መርዙን ይቀንሳል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበትና ማገዶ በጠፋበት የድርቅ ወር ግን ለእናቶች ይህን መምከር የሌላቸውን እንዲደፉ መምከር ነው።

እንግዲህ የጓያ ጉዳይ የሰሃኑ ብቸኝነት ጉዳይ ነው። የፕሮቲን ምንጭ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው በውስጡ ባለው ግራም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጓያ ከምርጦቹ አንዱ በሆነ ነበር። ይህን ከተቀበልን የእርዳታ እህል አሰጣጥም መለወጥ አለበት። ዛሬ የሚሰላው በአብዛኛው ሆድ በሚሞላበት ልክ ነው፤ ጓያ በሚበዛባቸው ወረዳዎች ግን የሚደርስበት ቀንም እንደ መጠኑ ሊታሰብ ይገባል። ጎተራው ውስጥ ጓያ ብቻ ሲቀር በጊዜ የደረሰ ጥቂት ስንዴ ወይም በቆሎ ከጓያው ጋር ተፈጭቶ አንድ ቤተሰብን በእግሩ ያቆማል። ያው ስንዴ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ቢመጣ ረሃቡን ያስታግስ ይሆናል፤ የተሰበረውን እግር ግን አይመልስም።