በእንፋሎት ይሄድ የነበረው ባቡር

ባቡር ሲባል ለብዙ ገበሬ ቀድሞ የሚታሰበው የእህል ወፍጮ ነው። «እህሉን ባቡር ቤት አድርሰህ ና» እንላለን። በሐዲድ የሚሄደውም ስሙ ባቡር ነው። እንዴት አንድ ስም ለሁለት ነገር ሆነ? ቃሉ ከአውሮፓ ቋንቋ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም እንፋሎት ማለት ነው። የጥንቱ ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ነበርና።

ድስት ተጥዶ ሲፈላ ክዳኑ ብድግ ብድግ ይላል። የሚያነሣው እንፋሎቱ ነው። የባቡሩ ድስት ትልቅ የብረት በርሜል ነበር። በእንጨት ወይም በድንጋይ ከሰል እሳት ይነድለታል። በርሜሉ ድፍን ስለሆነ እንፋሎቱ ታምቆ ጉልበት ያገኛል። ከዚያ በቧንቧ ሲለቀቅ አንድ ብረት ወዲያና ወዲህ ይገፋል፤ ብረቱም መንኮራኩሩን ያዞራል። አንድ ሰው ይነዳል፤ ሌላው እሳቱን ይማግዳል። የማገዶው ሰው ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ! እንጀራ የሚጋግር ሰው ያውቀዋል፤ እሳት ሲበዛም ሲያንስም ሥራ ይበላሻል። ውሃው ካነሰ ደግሞ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በየጣቢያው ውሃ መቅዳት ግድ ነበር፤ መንገዱ ግን ብዙው በረሃ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አስቸገረ። በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ሲደርስ እዚያው ድሬዳዋ ከተማ ሆነች። ኋላ ኩባንያው ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተረክቦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አስገባው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ አዲስ አበባ ሲገባ አላዩትም።

ያም ሆኖ ምኒልክ የእንፋሎት መኪና ሳያዩ አልቀሩም። ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ መንገድ የሚዳምጥ የእንፋሎት መኪና አስመጥቶ ነበር። ሐዲድ አያስፈልገውም። ሕዝቡ ይህንንም «የሰርኪስ ባቡር» አለው።

በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በ3 ቀን ይደርሳል። በበቅሎና በግመል ከወር በላይ ይፈጅ ስለነበር፣ ይህም ያኔ ተአምር ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በናፍጣ የሚሠራው ባቡር መጣ፤ የእንፋሎቱም ቀስ በቀስ ከሥራ ወጣ።

ዛሬ ሰበታ ላይ የተወለደ ልጅ የሚያውቀው ጭስ የሌለውን ባቡር ነው። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይሉን የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው፤ እሳትም ውሃም አይጠይቅም። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ አሮጌው ባቡር ልሂድ ቢል እንኳ በአዲሱ ሐዲድ መሄድ አይችልም።

ታዲያ አሮጌው ብረት ምን ይሁን? ቁርጥራጭ ብረት ገበያ አለው፤ አቅልጦ ቤት መሥሪያ ማድረግም ይቻላል። «ቆሞ ከሚዝግ ይሸጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ጎረቤት ኤርትራን እንይ። የምጽዋና የአስመራ ባቡር በጦርነት ፈርሶ ነበር። ከ1987 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሠራተኞች ተጠርተው የእንፋሎት ባቡሮቹን መልሰው አስነሡ። ይህ የሆነው ብረቱ ስለተቀመጠና የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጠፋ ኖሮ አይሆንም ነበር።

በእኛ አገር አሮጌዎቹ ባቡሮችና የመጠገኛ መሣሪያዎቹ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አጠገብ ባለው የድሮ ጣቢያ ይገኛሉ። አስፈቅዶ ማየት ይቻላል። ድሬዳዋ ሩቅ ነው ለሚል የቡራዩ፣ የሱሉልታ ወይም የሰበታ ሰው አዲስ አበባ ቅርብ ነው። ታክሲው «ለገሃር» ብሎ ሲጣራ ይሳፈር። ለገሃር ራሱ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የጣቢያ ሕንፃ እዚያው ቆሟል፤ ከፊቱም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ።