የቻይና ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያያችሁት ኮረሪማ፣ ኮረሪማ አይደለም



ሰሞኑን ከሚዛን፣ ከሸኮ፣ ከቴፒ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ አንድ ፎቶ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቻይና ግሮሰሪ የተነሳ ነው። ኮረሪማ የሚመስል ነገር በላስቲክ ታሽጎ ተደርድሯል፣ ከሥሩ ዋጋ ተለጥፏል። "የእኛን ኮረሪማ ቻይናዎቹ በዚህ ዋጋ እየሸጡ እኛ ለምን በርካሽ እንጥላለን?" የሚል ጽሑፍም አብሮት ይዞራል።

መጀመሪያ ብዙም ቦታ አልሰጠሁትም ነበር። በኋላ ግን አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ደወሉልኝና "ወንድሜ፣ አባላቱ ፎቶውን አይተው ኮረሪማውን አናወጣም ብለዋል። ምን ልበላቸው?" አሉኝ። ያኔ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። በእኛ አገር ዝናብና እርጥበት ኮረሪማ ቤት ውስጥ ሲከርም ይሻግታል። ኪሳራው ደግሞ የገበሬው እንጂ ፎቶውን የለቀቀው ሰው አይደለም።

ለቡና ጉዳይ አዲስ አበባ መሄዴ ስላልቀረ "በዓይኔ ልየው" ብዬ ጥቂት የራሳችንን ኮረሪማ በኪሴ ይዤ ወጣሁ። የሄድኩት ቦሌ፣ ሩዋንዳ ወደሚባለው ሰፈር ነው። ሱቁ ትንሽ ናት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሶይ ሶስ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ የደረቀ እንጉዳይ፣ ፓስታ የሚመስል የሩዝ ምግብ፣ በር ላይ ደግሞ ትኩስ አትክልትና ዝንጅብል አለ። ገንዘብ የምትቀበለው የእኛው ልጅ ናት፣ ቻይንኛውን ትሞክረዋለች።

ፎቶውን አሳየኋት። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኮረሪማ አይደለም። ጻኦጉዎ ነው የሚሉት፣ ከቻይና ነው የሚመጣው" አለችኝ።

አንድ እሽግ ገዝቼ እዚያው ከፈትኩት። እውነቷን ነው። ጻኦጉዎ የኮረሪማ ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ከዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው። በብዛት የሚበቅለው በደቡብ ቻይና ዩናን በሚባለው ክፍለ ሀገርና በሰሜን ቬትናም ተራሮች፣ ልክ እንደ እኛው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ግን ያው አይደለም። የእኛ ኮረሪማ አንገቱ ቀጠን ብሎ ቅል ይመስላል፣ ፍሬው ክብና የሚያብረቀርቅ ነው። የእነሱ ድብልብል ነው፣ ቆዳው እንደተሰመረ ነው፣ ፍሬው ማዕዘን አለው። ብዙውን ጊዜ በእሳት ስለሚደርቅ ጭስ ጭስ ይላል። እኛ ፈልፍለን ፍሬውን ለቡና፣ ለበርበሬ፣ ለቅቤ እንጠቀማለን፤ እነሱ ከነቅርፊቱ ሥጋ በሚቀቀልበት ድስት ውስጥ ይጥሉታል።

በኪሴ የነበረውን አውጥቼ አንድ ለገበያ የገባ ቻይናዊ አሸተትኩት። ፈገግ ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ። ልጅቷ ስትተረጉምልኝ "ሽታው ጥሩ ነው፣ ግን የእኛ አይደለም" ማለቱ ነው። በቃ፣ የፎቶው መልስ ይኸው ነው። ያ ሰው ሾርባ ሊሠራ የመጣው የሚያውቀውን ቅመም ፈልጎ ነው። በርበሬ ሊያስፈጭ የወጣ ሰው በኮረሪማ ፋንታ ሌላ ቅመም ቢሰጡት እንደማይወስድ ሁሉ እሱም አይወስድም።

ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነት ሱቅ የተነሳ ዋጋ ሲደርሳችሁ ከመወሰናችሁ በፊት አራት ነገር አጣሩ።

1. ዕቃው ምንድን ነው?
መልክ አያሳምናችሁ። ከዋጋው በፊት የተክሉን ትክክለኛ ስም ጠይቁ። ደላላ "ቻይና ኮረሪማ ትፈልጋለች" ካላችሁ የትኛውን እንደሆነ ያሳያችሁ።

2. መለኪያው ምንድን ነው?
እኛ በፈረሱላ 17 ኪሎ እንደለመድነው፣ ቻይናዎች በአገራቸው ገበያ "ጂን" በሚባል መለኪያ ይነጋገራሉ። አንድ ጂን 500 ግራም ማለትም ግማሽ ኪሎ ነው። ከቻይና ገበያ የተቀዳ ዋጋ ካያችሁ የኪሎ ነው ወይስ የጂን? ይህን ያልጠየቀ ሰው ዋጋውን በእጥፍ ይስታል። የሱቅ እሽግ ደግሞ በግራም ነው። ለምሳሌ 50 ግራም በ100 ብር ቢሸጥ፣ በኪሎ ሲሰላ 2,000 ብር ይሆናል። ይህን ቁጥር ይዞ በኩንታል ማባዛት ትልቅ ስህተት ነው። ከውስጡ ማጠቢያው፣ ማሸጊያው፣ ትራንስፖርቱ፣ ቀረጡ፣ የሱቅ ኪራዩና መደርደሪያ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ ዕቃው የሚገባው በውጭ ምንዛሬ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር መወደዱ፣ የእኛ ቅመም ተፈላጊነት ጨመረ ማለት አይደለም።

3. ይሸጣል ወይስ ተቀምጧል?
ውድ ዋጋ መለጠፍና መሸጥ ይለያያሉ። እሽጉን ገልብጣችሁ ቀኑን እዩ። ቻይናዎች ብዙውን ጊዜ የሚያትሙት የተመረተበትን ቀን ነው፣ ከጎኑ ስንት ወር እንደሚቆይ ይጽፋሉ። እኔ የገዛሁት ከተመረተ ዓመት አልፎታል። ይህ ሱቅ አዲስ አበባ ለሚኖሩ ቻይናውያን የተከፈተ ነው። በወር የሚሸጠውን ቅመም አንድ ሰው በፌስታል ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ብሎ የወረዳ ምርት አይያዝም።

4. በምን መልክ ነው የሚፈልጉት?
ከሱቁ ቁም ነገር ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ከጥቁሩ ቁንዶ በርበሬ ይልቅ ነጩ በዝቶ አየሁ። ነጭና ጥቁር ቁንዶ በርበሬ አንድ ተክል ናቸው። ጥቁሩ ሳይበስል ተለቅሞ ይደርቃል፣ ነጩ በስሎ፣ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ቆዳው ተልጦ ይደርቃል። ቴፒ አካባቢ ቁንዶ በርበሬ አለን፣ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም እዚያው አለ። ግን ሂሳቡን አትርሱ። ከ100 ኪሎ እሸት ጥቁሩ ወደ 33 ኪሎ ሲወጣው፣ ነጩ ወደ 25 ኪሎ ይወርዳል። ውኃና ጉልበትም ይጨምራል። ገዢ ይህን ልዩነት የሚሸፍን ዋጋ በጽሑፍ ካልሰጠ ነጭ ላድርግ ብሎ መጀመር ኪሳራ ነው።

"ታዲያ የቻይና ገበያ የለም እያልከን ነው?" የምትሉ ላኪዎች ትኖራላችሁ። አይደለም! ገበያው አለ፣ ግን በዚህች ሱቅ በር አይገባም። ሰሊጣችንን በብዛት የምትገዛው ቻይና ናት። በቡናም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከዋና ዋና ገዢዎቻችን ተርታ ገብታለች። ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ግንኙነት ካላቸው በጣም ያላደጉ አገሮች ለሚገባ ምርት ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች።

ቀረጥ ተነሳ ማለት ግን በሩ ለሁሉም ተከፈተ ማለት አይደለም። ከጃንዋሪ 2022 (በእኛ ታኅሣሥ 2014) ጀምሮ ጥሬ ቡናም ሆነ ቅመም የሚልክ ድርጅት በቻይና ጉምሩክ መመዝገብ አለበት። ምርቱ ራሱ መግባት የተፈቀደለት መሆኑንም ማጣራት ይቀድማል። ዩኒየኖች፣ ገዢ ሲመጣ ፎቶ ሳይሆን እነዚህን ጠይቁ፦ የተክሉ ስም፣ እርጥበቱ ስንት እንዲሆን ይፈልጋል፣ መጠኑ ስንት ቶን ነው፣ ዋጋው ጅቡቲ መርከብ ላይ በቶን ስንት ዶላር ነው፣ ክፍያው በምን መንገድ ነው? ይህን መመለስ የማይችል ገዢ ገና ገዢ አልሆነም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይህን በደንብ ስሙኝ።

ከሱቁ ስወጣ በር ላይ ያለው ዝንጅብል ዓይኔን ያዘው። የሰው መዳፍ የሚያህል፣ ንጹህ፣ ወፍራም። እውነት ለመናገር "ሁለት ኪሎ ወስጄ ለዘር ብተክለው" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ከዚያ የአባቴ ማሳ ትዝ አለኝ። በ2004 ዓ.ም አካባቢ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ወደ እኛ አገር ሲገባ፣ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ በሰበሰና ሸተተ። በአንድ ክረምት የከረመ ተስፋ አለቀ። ብዙዎቻችሁ ቤት እንዲሁ ነበር። በሽታው ባክቴሪያ ነው፣ የሚዞረውም ለዘር በሚያዘው ዝንጅብል፣ በአፈር፣ በጎርፍና በመቆፈሪያ ነው። ከላይ ጤነኛ የሚመስል ዝንጅብል በውስጡ ሊይዘው ይችላል። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ዓመታት ይቆያል።

ስለዚህ ከቻይና ሱቅም ሆነ ከመርካቶ፣ ለመብል የተሸጠ ዝንጅብል ለዘር ወደ ቤንች፣ ወደ ሸካ እንዳታመጡ። የላከላችሁ ልጃችሁም ቢሆን ለወጥ አድርጉት። ዘር ከፈለጋችሁ ቴፒ ምርምርን ወይም የወረዳችሁን ግብርና ጠይቁ።

ለሊቀመንበሩ በማግስቱ ደወልኩላቸው። "ኮረሪማውን በደንብ አድርቁ፣ ለዩ፣ በሚዛን ገበያ ዋጋ እያያችሁ አውጡ። በፎቶ አታስቀምጡ" አልኳቸው። "ጻኦጉዎውን ላክልኝና ለአባላቱ ላሳያቸው" አሉኝ። እሽጉን በመኪና ልኬላቸዋለሁ። ፎቶው የደረሳችሁ ሁሉ ይህንንም ጽሑፍ ለላከላችሁ ሰው መልሳችሁ ላኩለት።

የሳምንቱን የጀንፈልና የእሸት ቡና ዋጋ እንደተለመደው ይዤ እመለሳለሁ። መልካም ገበያ!