አሥራ ሁለት ወይስ አሥራ ሦስት?

በሕፃን ላይ ለተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት የተሰጠ ፍርድ ሲሰማ «ቅጣቱ አነሰ» ብለን ዳኛውን እንወቅሳለን። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዳኛው ፊት ሳይደርስ ነው።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ተጠቂዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። 13 ከሞላት ግን በአንቀጽ 626 መነሻው 3፣ ጣሪያው 15 ዓመት ይሆናል። አስገድዶ መድፈሩ ቢረጋገጥ እንኳ መነሻው 5 ነው። እኔ ነርስ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ቁጥር ለማንበብ ግን ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ዕድሜዋን ማን ይመስክር? የልደት ምስክር ወረቀት ያላት ታቀርባለች። የሌላት ሆስፒታል ትላካለች፤ የእጅ አንጓዋ ራጅ ይነሳል፣ ጥርሷ ይታያል። በሥራ ዘመኔ ይህን አይቻለሁ። ራጅ ግምት ይሰጣል እንጂ የተወለደችበትን ቀን አይናገርም። «ከ12 እስከ 14» የሚል ውጤት ለተከሳሽ ጠበቃ ሲሳይ ነው። የሚጎዱትም በአብዛኛው ቤት ውስጥ የተወለዱ የገጠርና የድሃ ልጆች ናቸው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ያላስመዘገባችሁ ቀበሌ ሂዱ። አያቶችም የክትባት ካርዱን ከሣጥን ውስጥ እንዳትጥሉ፤ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ነው።

ክፉ ነገር ከደረሰ ደግሞ ልጅቷ ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ በፍጥነት ጤና ተቋም ትድረስ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ሽማግሌ ቢላክባችሁ በር ላይ ይቆይ።