ከስድብ ርዕሱን ያወጣ ፊልም

እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የቀረበው «ድራንክታውንስ ፋይነስት» ርዕሱን ያገኘው ከአንድ የቴሌቪዥን ዘገባ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ዘገባው በኒው ሜክሲኮ የምትገኘውን ጋለፕን «የሰካራሞች ከተማ» (ድራንክ ታውን) ብሏት ነበር። ዳይሬክተሯ ሲድኒ ፍሪላንድ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ ተወላጅና ትራንስጀንደር ስትሆን፣ ያደገችው እዚያው አካባቢ ነው፤ ስድቡን ሳትሸሽገው ፖስተሩ ላይ አወጣችው።

ፊልሙ የሦስት ናቫሆ ወጣቶችን ሕይወት ይከተላል፦ ለውትድርና ሊሄድ ጥቂት ቀን የቀረውን፣ ነጮች በማደጎ ያሳደጓትን፣ እንዲሁም በናቫሆ ሴቶች የቀን መቁጠሪያ ላይ ፎቶዋ እንዲወጣ የምትወዳደረውን ትራንስጀንደሯን ፊሊክሲያን። እሷን የተጫወተችው ካርመን ሙር ራሷ ትራንስጀንደር ናት። የባህል ሐኪሙ የፊሊክሲያ አያት፣ ወንድም ሴትም ያልሆኑ ሰዎች በናቫሆ ባህል ከጥንት ጀምሮ ቦታ እንዳላቸው ሲያወጓት የሚታይበት ትዕይንት ከፊልሙ ምርጥ ክፍሎች አንዱ ነው። ታዋቂው ተዋናይ ሮበርት ሬድፎርድ በዋና ፕሮዲዩሰርነት ስሙን ሰጥቶታል።