ፒችትሪው አልከፍት ሲል

ደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ የዓመቱን ሒሳብ ዘግቶ የሚያሳውቀው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙው ነጋዴ ደግሞ ጥቅምትን ይጠብቃል። አርባ ምንጭ ላይ ጥቅምት ሁለተኛው ዝናብ የሚጥልበት ወር ነው፤ ነጎድጓድ ሲበረታ መብራት ይሄዳል። በከተማዋ ሲቀላ ሰፈር የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ መደብር እናስብ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች እየመዘገበች ሳለ መብራት ሄደ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ግን የመደብሩን ፋይል አልከፍትም አለ። የአሥራ ሁለት ወር ሥራ እዚያ ውስጥ ነው።

ያኔ የሚዘንበው ምክር የታወቀ ነው፦ "ፎርማት ይደረግ"፣ "ፕሮግራሙን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው"። እኔ ከዚህ ሁሉ በፊት እንዲደረግ የምለው አንድ ነገር ነው። ፕሮግራሙ በኔትወርክ በተያያዙት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ይዘጋ፤ የድርጅቱ ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ጥገናው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሠራ። ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቅ የሚገባው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ላየ ሰው ነው።

"የድርጅቱ ፋይል" ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። ፒችትሪ (ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው፣ ብዙ ቢሮ ግን አሁንም በቀድሞ ስሙ የሚጠራው) ለእያንዳንዱ ድርጅት አንድ ፎልደር ይከፍታል፤ በውስጡ ደንበኞች፣ አቅራቢዎች፣ ዕቃዎች፣ የሒሳብ መደቦችና ጆርናሎች በየራሳቸው ፋይል ይቀመጣሉ። እነዚህን የሚያስተዳድረው ቢትሪቭ የተባለ የመረጃ ቋት ሞተር ነው። ሶፍትክራፍት የተባለ የቴክሳስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ሲሆን በኋላ ፐርቬሲቭ በሚል ስም ቀጥሏል።

ሃያ ኩንታል ሲሚንቶ በዱቤ ሲሸጥ ሠራተኛዋ አንድ ጊዜ ብቻ "ሴቭ" ትላለች። ከሥር ግን ብዙ ነገር ይጻፋል፦ የሽያጩ ራስጌ በአንድ ፋይል፣ የዴቢትና የክሬዲት መስመሮቹ በሌላ፣ የደንበኛው ዕዳ በሦስተኛ፣ የሲሚንቶው ክምችት በአራተኛ። እያንዳንዱ ፋይል ገጽ በሚባሉ እኩል ቁራጮች የተከፈለ ነው፤ ከመረጃው ጎን ደግሞ እንደ መጽሐፍ ማውጫ የትኛው መዝገብ በየትኛው ገጽ እንዳለ የሚጠቁም ኢንዴክስ አለ። ዲስኩም ቢሆን "ጽፌዋለሁ" ያለውን ሁሉ በእርግጥ አልጻፈውም፤ ለፍጥነት ሲል ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋ ማኅደር ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። መብራቱ በዚህ መሐል ከሄደ ራስጌው ተጽፎ መስመሮቹ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ወይም ማውጫው ምንም ወደሌለበት ገጽ ይጠቁማል። ሞተሩ ይህን አለመጣጣም ሲያይ መክፈቱን ይተዋል። እንዲህ እምቢ ማለቱ ደግ ነው፤ በተበላሸ ማውጫ እየተመራ መጻፉን ቢቀጥል ደኅናውን ገጽ በላዩ ላይ እየጻፈ ያጠፋው ነበር።

ይህን አደጋ የኮምፒውተር ሳይንስ ቀድሞ አስቦበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የቱሪንግ ሽልማት ያገኘው ጂም ግሬይ ካጠናከራቸው ሐሳቦች ዋነኛው፣ አንድ የሒሳብ እንቅስቃሴ ወይ ሙሉ በሙሉ ይጻፋል ወይ ጨርሶ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል የሚለው ነው። ለዚህም ሞተሩ አዲሱ ገጽ ተጽፎ እስኪያልቅ አሮጌውን ያቆያል፤ ሥራው ከተቋረጠ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ይህ ጥበቃ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዲስኩ ራሱ ሲታመም ግን አይበቃም።

የአርባ ምንጭ ሙቀት ዲስክ ይገድላል ሲባል ይሰማል። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን አጥንተው ሙቀትና ብልሽት የሚገናኙት ከተገመተው ባነሰ መጠን መሆኑን አይተዋል። የሚያስደነግጠው ሌላው ግኝታቸው ነው፦ በፍተሻ አንድ ስሕተት የታየበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ምንም ካልታየበት 39 እጥፍ ይበልጣል። አልነበብ ያለ አንድ ገጽ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ፎርማትና ጭነት ማካሄድ የቀረውን መረጃ መሠዋት ነው፤ ፎርማት የተደረገ ቦታ ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈበት ደግሞ የቀድሞውን የሚመልስ ባለሙያ የለም፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ቢደረስም።

ግልባጩ ከተያዘ በኋላ ምርመራው ቀላል ነው። ፒችትሪ የተማረ ሁሉ ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይን ያውቃል፤ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው የመለማመጃ ድርጅት ነው። እሱም አልከፍት ካለ ሕመሙ በፕሮግራሙ ወይም ባልተነሣው የፐርቬሲቭ አገልግሎት ላይ ነው፤ የመደብሩ ሒሳብ ምንም ላይሆን ይችላል። ቤልዌዘር ተከፍቶ የመደብሩ ካልተከፈተ ጉዳቱ በፋይሉ ነው። ፎልደሩን ወደ ወዳጅ ቢሮ ወስዶ በአዲስ እትም መሞከር ግን ወጥመድ አለው፤ አዲሱ እትም መረጃውን ወደ ራሱ ቅርጽ ይለውጠዋል፣ አሮጌው ከዚያ በኋላ አያነበውም።

ባክአፕ ካለ ይፈተሽ። የፒችትሪ ባክአፕ በውስጡ ተራ ዚፕ ፋይል ነው፤ የዚፕ ዝርዝር ደግሞ የሚጻፈው በፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። ፍላሹ ቅጂው ሳያልቅ ከተነቀለ ዝርዝሩ ይጎድልና ባክአፑ "አይከፈትም" ይባላል፣ ከፊቱ ያሉት ፋይሎች ግን ደኅና ሊሆኑ ይችላሉ። የዚፕ መጠገኛ መሣሪያዎች ፋይሉን ከመጀመሪያው እየቃኙ ያወጧቸዋል፤ እያንዳንዱም ከራሱ ማረጋገጫ ቁጥር ጋር ስለሚቀመጥ የትኛው ሙሉ፣ የትኛው ጎዶሎ እንደሆነ ይለያል።

ባክአፕ ከሌለ መልሶ መገንባት ይቀራል። የሞተሩ መጠገኛ ማውጫውን ትቶ የመረጃ ገጾቹን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ያልተነበበውን ይዘላል፤ ያገኘውን በአዲስ ፋይል ጽፎ አዲስ ማውጫ ይሠራለታል። ፒችትሪም ይከፈታል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ እፎይ ይላል፤ እኔ ግን ከባዱ ሥራ ገና አሁን ይጀምራል እላለሁ። የተዘለሉት ገጾች ውስጥ ምን ነበር?

እዚህ ላይ ሒሳብ ራሱ ከኮምፒውተሩ የቀደመ መመርመሪያ አለው። ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው የሁለት ወገን አመዘጋገብ እያንዳንዱን ብር ሁለት ጊዜ ያስጽፋል። አንዱ መስመር ከጠፋ ዴቢትና ክሬዲት አይገጥሙም፤ ትራያል ባላንሱ ይናገራል፣ የልዩነቱ መጠንም የጠፋውን ቁጥር ይጠቁማል። ራስጌውም መስመሮቹም አብረው ከጠፉ ግን ባላንሱ ይገጥማል፣ ሽያጩ ግን የለም። ይህን የሚያጋልጠው ከፋይሉ ውጭ ያለ ምስክር ብቻ ነው። የደረሰኝና የቫውቸር ተከታታይ ቁጥር የት ላይ እንደሚዘል ይታይ፤ የባንክ ስቴትመንቱ ከመዝገቡ ጋር ይነጻጸር። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ካሉት የላንቴ ገበሬዎች ሙዝ ለሚገዛ ነጋዴ ይህ ከማንም በላይ ይከብዳል፤ ገበሬው ደረሰኝ አይሰጠውምና ተከታታይ ቁጥር ያለውና የተፈረመበት የራሱ የግዥ ቫውቸር ብቻ ነው ማስረጃው።

በሽያጭ በኩል በደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ የሆነው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ይረዳል። የታሸገው ማኅደሩ የየቀኑን ድምር ይዟል፤ ፒችትሪው ቢጠፋም የእያንዳንዱ ምሽት ዜድ ሪፖርት የዕለቱን ሽያጭ ይናገራል። የመዝገቡ የቀን ድምር ከዜዱ ካነሰ የጎደለው ሽያጭ በዚያ ቀን ነው፤ ፍለጋው ከዓመት ወደ አንድ ቀን ደረሰኞች ጠበበ ማለት ነው።

ዜድ ሪፖርትና ደረሰኝ የሚታተሙበት ወረቀት ግን ቀለም የለውም፤ ጽሑፉ የሚወጣው ሙቀት ሲነካው ነው፣ ሙቀትና ብርሃን ሲበዛበትም ይደበዝዛል። ከቀትር በኋላ ከ30 ዲግሪ በሚያልፍ ከተማ መስኮት ሥር የከረመ የዜድ ጥራዝ በጥቅምት ላይነበብ ይችላል። በየወሩ መጨረሻ ዜዶቹን በተራ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከብርሃን ርቆ በሚዘጋ ሣጥን ማስቀመጥ፣ የወሩን ባክአፕም በዚያው ቀን በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።