ያውቁ ኖሯል? ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሳበው ትንፋሽ

ከኦፕራሲዮን ለወጣ ሕመምተኛ የሚሰጠው፣ ሦስት ኳሶች ያሉት ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ የሚነፋ ሳይሆን የሚሳብ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ስሙ ስፓይሮሜትር ነው። መጀመሪያ ሲያየው እንደ ፊኛ ሊነፋው የማይሞክር ሰው ጥቂት ነው፤ ኳሶቹ ግን በመንፋት ንቅንቅ አይሉም። የሚነሡት ከንፈርን በቱቦው ጫፍ ላይ ገጥመው አየሩን ወደ ውስጥ ሲስቡ ነው። በተለመደው ዓይነት የመጀመሪያው ኳስ በሴኮንድ 600 ሚሊ ሊትር አየር ሲሳብ ይነሣል፤ ሁለተኛው 900፣ ሦስተኛው 1,200 ይፈልጋል።

ሦስቱን ኳሶች ባንዴ ማስነሣት ግቡ አለመሆኑንስ? በኃይል ሳብ ያደረገ ሰው ሦስቱንም ያዘልላቸዋል፤ ሳንባው ግን ሳይሞላ ትንፋሹ ያልቃል። አንድ ወይም ሁለት ኳስ አንሥቶ ቀስ እያሉ እየሳቡ ማቆየት፣ ከዚያም ትንፋሽን ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ መያዝ ይበልጣል። የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን ጥልቀት ነው።

በሙሉ ማደንዘዣ ከሚተኙ አሥር ሰዎች በዘጠኙ ያህል የሳንባቸው ጥቂት ክፍል ለጊዜው አየር አጥቶ እንደሚጨማደድ ያውቁ ኖሯል? የጎልማሳ ሰው ሁለት ሳንባዎች በአማካይ ወደ 480 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሏቸው። በጀርባ መተኛቱና በማደንዘዣው የላላው የመተንፈሻ ጡንቻ (ድያፍራም) ተደማምረው ከሥር ያሉትን ከረጢቶች ይጫኗቸዋል። በጣና ላይ የሚቀዘፈው የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ በውስጡ አየር ስለያዘ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ አውጥተው ካላደረቁትም አገልግሎቱ ያበቃል። ሳንባም እንዲሁ ነው፤ አየር የያዘ ሳንባ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ አየር የሌለው ይሰጥማል። በአብዛኛው ሰው የተጨማደደው ክፍል በቀናት ውስጥ ይከፈታል። ሳይከፈት ከቆየ ግን አክታ ይጠራቀምበታል፣ ጀርም ይራባበታል፣ የሳንባ ምች ይከተላል።

ከሁሉ የበለጠ ሳንባን የሚፈትነው የደረትና የላይኛው ሆድ ኦፕራሲዮን ነው። በጨጓራ፣ በጉበት ወይም በሐሞት ከረጢት ላይ በሰፊው ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ፣ ሰውየው በአንድ ረጅም ትንፋሽ ሊያስወጣ የሚችለው አየር በመጀመሪያው ቀን ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ወደ ቦታው ለመመለስም አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ዘመድ የሚያስታምም ሰው ይህን ቢያውቅ፣ ሕመምተኛው አጭር አጭር ሲተነፍስ «ደከመው» ብሎ ብቻ አያልፈውም።

ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው በየአምስት ደቂቃው ገደማ አንድ ጊዜ በረጅሙ እንደሚተነፍስስ ያውቁ ኖሯል? ያ ረጅም ትንፋሽ የሐዘን ወይም የድካም ብቻ አይደለም፤ ከተለመደው ትንፋሽ እጥፍ ያህል አየር አስገብቶ የተጨማደዱ ከረጢቶችን መልሶ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን ትንፋሽ የሚያዙትን ጥቂት የአንጎል ግንድ ሕዋሳት በአይጦች ላይ ለይተው አሳይተዋል። እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች ግን ይህን ተፈጥሯዊ ትንፋሽ ያዳክሙታል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሆን ብሎ በጥልቀት መሳብ ያስፈለገውም አካሉ ራሱ ይሠራው የነበረውን ለጊዜው ስለሚያቋርጥ ነው።

ይህ ማለት ማስታገሻ ይቅር ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ቁስሉ የሚያመው ሰው በጥልቀት አይስብም፣ አይስልም፣ ከአልጋም አይወርድም። በእኛ አገር ሕመምን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እዚህ ቦታ ላይ ይህ ጨዋነት ይጎዳል። ሕመሙ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ለነርሷ መንገር የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ የትንፋሽ ልምምዱም ማስታገሻው ሥራውን በጀመረበት ሰዓት ቢደረግ ይቀላል።

የዚህ የሚሳበው ስፓይሮሜትር ሐሳብ የመነጨው ከማዛጋት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሮበርት ባርትሌትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970 የማዛጋትን አሠራርና ለኦፕራሲዮን ሕመምተኞች ያለውን ጥቅም የሚመለከት ጽሑፍ አወጡ። የሚያዛጋ ሰው ሳንባውን እስከ ጥግ ሞልቶ ጥቂት ይይዛል፤ ሕመምተኛው ያንኑ እንዲደግም የሚያበረታታ፣ የሳበውንም በዓይኑ የሚያሳየው ዕቃ ቢሠራስ ብለው ነበር የተነሡት። ያው ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1975 ሳንባዋ መሥራት ያቃታትን አራስ ሕፃን ደሟን ከአካሏ ውጭ በኦክስጅን በሚሞላ መሣሪያ አድኗል። ኤክሞ የሚባለውና በኮቪድ ዘመን ስሙ የገነነው ሕክምና አባቱ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ስፓይሮሜትር ደግሞ ከዚያ በጣም ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ከ2,000 በላይ ሰዎችን በመሣሪያው ለክቶ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። የእሱ ግን የሚነፋበት ነበር።

ባሕር ዳር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል እንደሚያንስስ? በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢሄዱ ያው 21 በመቶ ነው። ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋው በጣና ዳር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ያንሳል። ለጤነኛ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ሳንባው በከፊል ለተጨማደደ ሰው ግን የቀረው የኦክስጅን ኅዳግ ይጠባል፤ እንደ ሰሜን ተራሮች ባለ ከፍታ ደግሞ ይበልጥ ይጠባል።

ስለ ሰሜን ተራሮች ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ጥናት እዚያ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ፣ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን አግኝቷል። የሄሞግሎቢናቸውም መጠን ከቆላ ነዋሪ የተለየ አልነበረም። በዚያው ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ይላል። የእኛ ደገኞች ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ይዘው ተገኙ። የደገኛ ደም ግን የተዘጋ ሳንባ አይከፍትም፤ ደገኛም ቢሆን ከኦፕራሲዮን በኋላ መሳብ አለበት።

ያንን የኦክስጅን ሙሌት ጣት ቆንጥጦ የሚለካውን መሣሪያ መሠረት የጣለው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1974።

 

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መሣሪያው ብቻውን የሚያመጣው ጥቅም በጥናት ብዙም እንዳልተረጋገጠ ያውቁ ኖሯል? ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ግምገማ፣ በላይኛው ሆድ ኦፕራሲዮን ላይ ስፓይሮሜትር ብቻውን የሳንባ ችግርን እንደሚከላከል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም። የአሜሪካ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ዕቃው ለብቻው እንዳይታዘዝ፤ ከጥልቅ ትንፋሽ፣ ከማሳል፣ ቶሎ ከመነሣትና ሕመምን ከማስታገስ ጋር እንዲጣመር መክሯል። እኔ ይህን እንደ መልካም ዜና ነው የማየው። ስፓይሮሜትር ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ለሚንከራተት አስታማሚ፣ ዕቃው ቢጠፋም ሕክምናው አልጠፋም። ኳሶቹ የሚያበረታቱና የሚያሳዩ ናቸው፤ ሳንባውን የሚከፍተው ትንፋሹ ነው።

ያለ ዕቃ እንዲህ ይደረጋል። ሕመምተኛው ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ካልቻለ ራስጌው ከፍ ይደረግለታል። በአፍንጫው ቀስ ብሎ እስከሚችለው ድረስ ይስባል፤ ሆዱና የጎድን አጥንቶቹ ሲሰፉ ይሰማዋል። ሦስት እስኪቆጠር ይይዛል። ከዚያ ከንፈሩን አሞጥሙጦ በዝግታ ይለቃል። ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ፣ በየሰዓቱ አሥር ያህል ጊዜ። ካዞረው ያርፋል፤ ማዞሩ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከመተንፈስ የሚመጣ ነው። የሚቆጥረው አስታማሚው ቢሆን ጥሩ ነው፤ የስልክ ማንቂያ በየሰዓቱ መሙላትም ይረዳል።

ከኦፕራሲዮን በፊት የተሰጠ የ30 ደቂቃ ትምህርት የሳንባ ችግርን በግማሽ እንደቀነሰስ ያውቁ ኖሯል? በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 441 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ነው። ግማሾቹ የመረጃ ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው። ግማሾቹ ከጽሑፉ በተጨማሪ አንድ ጊዜ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ተቀምጠው፣ ከማደንዘዣው እንደነቁ ወዲያው በየሰዓቱ በጥልቀት መሳብ እንዳለባቸው ተማሩ፣ ተለማመዱ። ከመጀመሪያዎቹ 27 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 12 በመቶ የሳንባ ችግር ደረሰባቸው። ከዚህ ጥናት በላይ ልቤን የነካው የለም። የጠየቀው ማሽን ሳይሆን ግማሽ ሰዓትና የሚያስተምር ሰው ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ደግሞ ቅርባችን ያለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል።

በቦስተን አንድ ሆስፒታል ደግሞ ስፓይሮሜትርን ከማሳል፣ አፍን ከማጽዳት፣ ለቤተሰብ ከማስረዳት፣ ከአልጋ ቶሎ ከመውረድና ራስጌን ከፍ ከማድረግ ጋር አንድ ላይ አቀናጅቶ ሲሠራበት፣ የሳንባ ምች ከ2.6 ወደ 1.6 በመቶ ወርዷል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አፍ ማጽዳት እዚህ መሐል ምን አገባው ቢሉ፣ በተኛ ሰው አፍ የሚራባው ጀርም ወደ ሳንባ ይወርዳል። ብሩሽም ሆነ መፋቂያ ሆስፒታል ይዞ መሄድ ነው።

ማሳል ስፌት ይፈታል የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን አክታቸውን እንዲውጡ ያደርጋቸዋል። በሥርዓት የተሰፋ ቁስል በተለመደ ሳል አይፈታም። ጋቢ ወይም ትራስ አጥፎ ቁስሉ ላይ ደገፍ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ መሳል ሕመሙን በጣም ይቀንሰዋል። በዓይን፣ በአንጎል ወይም በመሳሰለው ላይ ኦፕራሲዮን የተሠራለት ሰው ግን ማሳል ሊከለከል ስለሚችል ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ሁለትና ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ መተኛት አለበት የሚለው እምነት በሕክምናው ዓለም የተሰበረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቶሎ የተነሡት ሕመምተኞች ሳንባቸውም እግራቸውም ይበልጥ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። እኛ ዘንድ ግን «አትነሣ፣ ተኛ፣ እኔ አቀርብልሃለሁ» የሚለው ፍቅር አሁንም ብርቱ ነው። ሐኪም ካልከለከለ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ ኮሪደር። ቤት ሲገቡ ባሕር ዳር ለዚህ የተመቸች ናት፤ በዘንባባው ሥር ያለው መንገድ ሜዳ ነው። እየሄዱ ሳሉ ማውራት ከቻሉ ልኩ ያ ነው። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣቱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ሲጋራ ማጤስን ከኦፕራሲዮኑ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ ማቆም ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጡ ችግሮችን ዕድል እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 አሳውቋል። በገጠር ግን ሲጋራ ነክታ የማታውቅ እናት ዕድሜዋን በእንጨትና በኩበት ጭስ ፊት እንጀራ ስትጋግር ኖራ ሊሆን ይችላል። «ታጨሻለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ በእውነት «የለም» ትላለች። የማዕድ ቤቱን ጭስ ሳይጠየቁ መናገር ተገቢ ነው።

ሕፃናትስ? ኳስ ከማስነሣት ይልቅ የሳሙና አረፋ መንፋት ይቀናቸዋል። ትልቅ አረፋ ለመንፋት መጀመሪያ በረጅሙ መሳብ ግድ ስለሆነ ልምምዱ በጨዋታው ውስጥ ይፈጸማል።

ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም የአንድ እግር ማበጥ ከታየ ግን «ብርድ መታው» ብሎ መስኮት መዝጋት አይበቃም፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል። የእግር እብጠቱና የደረት ውጋቱ ከእግር ተነቅሎ ሳንባ የገባ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ስፓይሮሜትር የአንድ ሰው ዕቃ ነው። የአፉ ጫፍ ምራቅ ይነካዋል፣ ቱቦው እርጥበት ይይዛል፤ ስለዚህ ለጎረቤት አይዋስም። ጎረቤትዎ ለኦፕራሲዮን ቀን ከተቆረጠለት ግን ከቀኑ በፊት ቤቱ ሄደው፣ አስታማሚውንም አስቀምጠው፣ አሳሳቡን አብረው አሥር ጊዜ ይለማመዱ።